ሴቶችና የምርምር ሥራ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ለብዙ ዘመን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል። ሴት የቱንም ያህል ብታውቅ ነገሩ የሚቋጨው በወንድ ነው ማለት ነው። ተረትና ምሳሌ የሕዝብ ጥበብ ማደሪያ የመሆኑን ያህል፣ አንዳንድ ጊዜ የቆየ ስሕተት መጠጊያም ይሆናል። የዚህን ተረት ስሕተት ለመረዳት ሐረርንና አካባቢዋን ልብ ብሎ መመልከት ይበቃል።

በጁገል ግንብ ውስጥ ካሉት ነባር ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስፌት ላይ ነው። ስፌቱ የሣር አመራረጥን፣ የቀለም አነካከርንና የቅርጽ ስሌትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ ዕውቀት የሴቶች ሲሆን የሚተላለፈውም ከእናት ወደ ልጅ ነው። በደስታና በኀዘን ጊዜ መረዳጃ የሆነው አፎቻ የተባለው ማኅበርም የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹ ለብቻ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ለማጥናት የሚመጣው ተመራማሪ ዘወትር ወንድ ከሆነ፣ ከጓዳው ዕውቀት ምን ያህሉን ሊያገኝ ይችላል? በገጠርም ቢሆን በማሽላው ማሳ ላይ ጎልቶ የሚታየው ወንዱ ነው። እህሉን ነቀዝ እንዳይበላው የምትጠብቀውና ለምግብ የምታዘጋጀው ግን ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። ስለ እህል አቀማመጥ የሚያጠና ሰው እርሷን ሳይጠይቅ ከተመለሰ፣ የሥራውን ግማሽ ትቶ ተመልሷል። እንግዲህ የሴት ተመራማሪዎች ማነስ ሴቶችን ከመበደሉም በላይ ዕውቀቱን ራሱን ጎደሎ ያደርገዋል።

አንዳንድ ሰዎች ሳይንስ ለሴት አይሆንም ይላሉ። ይህን አባባል ግን ሥራ ራሱ አፍርሶታል። በጎጃም ፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በዕፀዋት በሽታ ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮና ሎሬያል ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በናይሮቢ የሚገኘውንም ታላቅ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት መርተዋል። የዓለምፀሐይ መኮንንም የፀረ ተባይ መድኃኒት በእርሻ ሠራተኞች ጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳትና የመድኃኒት ዕፀዋትን ጥቅም መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነትን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሴቶች ስም እንዲህ ተለይቶ የሚጠራው ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ነው። በዓለም እንኳ ከሦስት ተመራማሪዎች መካከል ሴቷ አንድ ብቻ ናት።

ሌሎች ደግሞ ለሴቶች የሚሰጠው ልዩ ድጋፍ የትምህርትን ደረጃ ያወርዳል ብለው ይከራከራሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ይህን ድጋፍ የፈቀደው ያለፈው በደል ያስከተለውን ጉዳት ለማረም ነው። አንዲት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ማታ በድካም መጽሐፍ ስትገልጥ፣ ወንድሟ ግን ከቀትር ጀምሮ ሲያጠና ከዋለ፣ የሁለቱ ውጤት ችሎታን ብቻ አይለካም። በተጨማሪም ድጋፉ የሚሰጣት በመግቢያው በር ላይ ነው። ከገባች በኋላ የምትፈተነው ወንዱ የሚፈተነውን ፈተና ነው።

ነገር ግን በሩን መክፈት ብቻ አይበቃም። በሐረር ከተማ የጤናና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተመራማሪዋ ወልዳ ያሳለፈችው ጊዜ እንደ ስንፍና ተቆጥሮ ከዕድገት ሊያስቀራት አይገባም። በሥራ ቦታዋ የሕፃናት መዋያ፣ ማታ በቤተ ሙከራ ስትቆይና ወደ ገጠር ለጥናት ስትወጣም የተጠበቀ መጓጓዣና ማደሪያ ያስፈልጋታል። ለምርምር የሚሆነውን ገንዘብ በሚያከፋፍሉትና ማዕረግን በሚወስኑት ጉባኤዎች ውስጥም ሴቶች ሊቀመጡ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሥራው የሚጀመረው በየቤታችን ነው። የዛሬዋ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የነገዋ ተመራማሪ ልትሆን የምትችለው የጥናት ጊዜ ስታገኝ ነው። ስለዚህ ወንዱ ተማሪ የቤት ሥራውን ከእኅቱ ጋር እኩል ይካፈል፤ ሴቷም በክፍል ውስጥ እጇን አንሥታ ለመጠየቅ አትፈር። ምርምር የሚጀምረው ከጥያቄ ነውና።