ወጥ የሠራችው ሳትቀመጥ ምን አብሮ መብላት አለ?

አብሮ መብላት ባህላችን መሆኑን በማውራት የሚቀድመን የለም። ፈረንጁ በየሰሃኑ ሲያቀረቅር እኛ ከአንድ ገበታ ቆርሰን እንደምንጎራረስ ላገኘነው እንግዳ ሁሉ እንተርካለን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልንም እንተርታለን። ደግ ነው። ግን እኔ የምለው፣ ወጡን የሠራችው ሴትዮ የት ሄደች?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጓዳ ናት። እጅ አስታጥባ፣ እንጀራ ጨምራ፣ ውሃ አቅርባ፣ አሁን ደግሞ ቡና ልትቆላ ነው። እሷ የምትበላው ሌላው ጠግቦ ሲነሳ፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን ጠራርጋ ነው። ዶሮ 12 ብልት እንዳላት፣ ፈረሰኛው ለአባወራው እንደሆነ አንረሳም። ለእሷ የትኛው እንደሚደርሳት ጠይቀን እናውቃለን? በየሄድኩበት ቤት ልጆችም «ትልልቆቹ ይብሉና» ተብለው ሲቁለጨለጩ አያለሁ። ይህ እንግዲህ በተራ መብላት ነው የሚባለው።

«ምን ችግር አለው? እናቶቻችን እንዲሁ ኖረው የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኖረዋል፤ እንዴት እንደኖሩ ማን ጠየቃቸው? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነት አለ፣ ወባ አለ፣ የሆድ ትላትል አለ። ሁሉንም በገበታችን አላሳብብም። ነገር ግን በየወሩ ደም የሚፈሳት፣ የምታረግዝ ሴት ከወንዱ ይበልጥ የብረት ማዕድን ያስፈልጋታል። ሥጋውና ምስሩ ቀድሞ ለማን እንደሚቀርብ ግን ይታወቃል።

ቡናውም ቢሆን ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘው ብረት ወደ ደማችን እንዳይገባ ይቀንሰዋል። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምን ይጎድላል? በዚያች ሰዓት እሷም ተረጋግታ ትበላለች።

ገበታው ላይ የተቀመጥነውስ አብረን ነን እንዴ? አባት ስልኩን ይነካካል፣ ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጧል። የሚሰማው ወሬ «ብላ! ጨርስ!» ብቻ ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ «ጠገብኩ» ያለ ልጅ አፍ ውስጥ ሲታጨቅ ግን ቅጣት ይሆናል። ውሎውን የሚጠይቀው፣ ሲያወራም የሚሰማው ካለ ልጁ ወደ ማዕድ ሳይጠሩት ይመጣል።

ስለዚህ አባወራው ሆይ፣ ነገሩ ገንዘብ አይጠይቅህም። ዛሬ ማታ ውሃውን አንተ ቅዳ። ልጆቹ እንጀራውን ያቅርቡ። ስልኩ ከቁም ሳጥኑ ላይ ይረፍ። እሷ እጇን ታጥባ ከጎንህ እስክትቀመጥ ድረስ አንዲት እንጀራ እንዳትቆርስ። ከዚያ በኋላ «አብሮ መብላት ባህላችን ነው» ብትል አምንሃለሁ።