ሁለተኛው በረኛ ማነው?

ቋሚው በረኛ ማን ይሁን የሚለው ክርክር ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ የኳስ ወዳጁን ሲያነታርክ ይውላል። ስለ ተጠባባቂው ግን ብዙም የሚጨነቅ የለም። እስኪፈለግ ድረስ ነው ታዲያ!

ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሱበት የ2005 ዓ.ም. ውድድር የሆነው ይሄ ነው። ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ጀማል ጣሰው ገና ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ተተክቶ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። በቀጣዩ ጨዋታ ግን ቡርኪናፋሶ አራት አገባችበት። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ለናይጄሪያው ጨዋታ ሲሳይ ባንጫን አሰለፉ፤ እሱም በቀይ ወጣ። ቅያሪ በማለቁ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ጠባቂ ሆነ። ውጤቱ 2 ለ 0።

ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት በረኛ፣ በዚያ ላይ አንድ አማካይ!

ቡርኪናፋሶም ከዋልያዎቹ ጋር ስትጫወት በረኛዋ ሱላማ በቀይ ተባሮባት ነበር። 1 ለ 0 እየመራች የገባው ተጠባባቂው ዲያኪቴ ግን አንድም ጎል ሳይገባበት ወጣ፤ በፍጻሜው ጨዋታም በረኛው እሱ ነበር።

ሽንፈቱን በበረኞቹ ላይ ብቻ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ተከላካይ የበረኛውን ድምፅና አወጣጥ የሚለምደው አብሮት ሲጫወት ነው። ስለዚህ አሰልጣኝ ቋሚውን በልበ ሙሉነት ይምረጥ፤ የወዳጅነት ጨዋታ ሲገኝ ግን ለሁለተኛው ሙሉ 90 ደቂቃ ይስጠው። ቀይ ካርድ ቀጠሮ አይሰጥም።