ከበሩ የማያልፍ የኅብረት ስምምነት

መገናኛ አካባቢ ከተደረደሩት ባንኮች ወደ አንዱ ቅርንጫፍ የሚገባ ደንበኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ሠራተኞችን ያገኛል። በመስኮቱ በኩል ገንዘብ የምትቆጥረው ወጣት የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ባንክ የምትሠራ ከሆነ፣ የደመወዝ እርከኗ፣ የሕክምና ወጪዋና የብድር ጥቅሟ በኅብረት ስምምነት የሠፈረ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የሚፈትሸው የጥበቃ ሠራተኛና ወለሉን የምትወለውለው እናት ግን በኤጀንሲ የተቀጠሩ ከሆኑ ያ ስምምነት አይመለከታቸውም። የሚያገለግሉት ባንኩን ነው፤ አሠሪያቸው ግን ሌላ ነው።

ስለ ኅብረት ስምምነት ሽፋን ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለዚህ በር ነው። ከመቶ ተቀጣሪ ስንቱ ደመወዙንና የሥራ ሁኔታውን በድርድር በተገኘ ሰነድ ያስከብራል? ስንቱስ የተሰጠውን ተቀብሎ ያድራል?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ መረጃ ባገኘባቸው 98 አገሮች ውስጥ በኅብረት ስምምነት የተሸፈኑት ተቀጣሪዎች 35 በመቶ ገደማ ናቸው። የበለፀጉት አገሮች ስብስብ በሆነው ኦ.ኢ.ሲ.ዲ. ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 45 በመቶ የነበረው ሽፋን ባለፉት ዓመታት ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ሽፋናቸው ከ80 በመቶ በታች የሆነ አባል አገሮች የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያወጡ አዟል። ፈረንሳይን ማየት ደግሞ ይጠቅማል። የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነው ፈረንሳዊ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሲሆን፣ በኅብረት ስምምነት የተሸፈነው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር ስምምነቱ የሚደረገው በአንድ ድርጅት ብቻ ሳይሆን በዘርፍ ደረጃ ስለሆነና መንግሥትም ለዘርፉ ሁሉ ስለሚዘረጋው ነው።

እኛስ? በወረቀት ላይ ኋላ ቀር አይደለንም። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የመደራጀትና የመደራደር መብትን የሚደነግጉትን 87ኛውንና 98ኛውን ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1963 አፅድቃለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ የእርሻ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑና የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ተደራጅተው የመደራደር መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ይቋቋም ይላል። ከአሥር በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩትም ተሰባስበው አጠቃላይ ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል።

ችግሩ ሕጉ በአእምሮው የያዘው ሠራተኛ አንድ ግቢ፣ አንድ አሠሪና ቋሚ ደመወዝ ያለው የፋብሪካ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ዓይኑን ከፍቶ ለሚጓዝ ሰው የዛሬው ሥራ እንዲያ አይደለም። በየሕንፃው ግንባታ ላይ አሥር ቀርቶ መቶ የቀን ሠራተኛ አይጠፋም፤ የመጨረሻው ወለል ኮንክሪት ሲሞላ ግን ማኅበር ሊሆን ይችል የነበረው ስብስብ ይበተናል። በየመኖሪያ ቤቱ ያለችውን የቤት ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ ተኪው 1156/2011 ከተፈጻሚነት ወሰኑ አውጥቶ፣ ጉዳይዋን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ደግሞ አሠሪ ስለሌላቸው በተቀጣሪ ስሌት ውስጥም አይገቡም። በ1980ዎቹ በዓለም ሥራ ድርጅት ፕሮጀክት ታግዘው ማኅበር መሥርተው ነበር። ነገር ግን ማኅበር መመሥረት አንድ ነገር ነው፤ ለድርድር ፊት ለፊት የሚቀመጥ ወገን ማግኘት ሌላ ነው።

የተማረውም ክፍል ከዚህ አላመለጠም። ኮተቤ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ሲመረጥ ባለሙያዎቹን ያላመሰገነ አልነበረም። ይሁንና የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪምና ነርስ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆናቸው በአዋጅ 1156 አይተዳደሩም። ደመወዛቸው በድርድር ሳይሆን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ይወሰናል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው በተለያዩ ሆስፒታሎች ሥራ ያቆሙት፣ የታሰሩም የነበሩት፣ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 እስከ ድርድር ጠረጴዛ የሚያደርስ መንገድ ባለመዘርጋቱ ጭምር ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው መልካም ነው። ሆኖም ያልተደራደሩበት ጭማሪ ችሮታ ነው፤ መቼና ስንት እንደሚሆን የሚያውቀው ሰጪው ብቻ ነው።

አሠሪዎች ድርድር ወጪ ያበዛል ይላሉ። ከፊል እውነት አለው፤ በአንድ ድርጅት ብቻ ሲሆን። ጥበቃ የሚያቀርቡ ሁለት ኤጀንሲዎች ለአንድ ጨረታ ቢወዳደሩ፣ ለሠራተኛው የተሻለ የሚከፍለው ዋጋው ይወደድና ይሸነፋል። አሸናፊው ከጥበቃው ኪስ የቀነሰው ነው። ስለዚህ ደግ አሠሪ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። የዘርፉ ኤጀንሲዎች በሙሉ በአንድ ዝቅተኛ ክፍያ ከታሠሩ ግን ፉክክሩ በአገልግሎት ጥራት እንጂ በሰው እንጀራ አይሆንም።

ደስ የሚለው፣ ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አሁን ያለው ሕግ የሠራተኛ ማኅበር ከአንድ ወይም ከብዙ አሠሪዎች፣ ወይም ከአሠሪዎች ማኅበር ጋር መደራደር እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ በር ተከፍቶ ሳለ ልማዳችን በየድርጅቱ ለየብቻ መደራደር ሆኖ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በኢንዱስትሪ ዘርፍ የተዋቀሩ ፌዴሬሽኖች አሉት፤ ከጥበቃና ከፅዳት ዘርፍ ቢጀምር ተገቢ ነው። መንግሥትም ትልቅ የአገልግሎት ገዢ እንደመሆኑ፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ የኅብረት ስምምነት ያለውን ኤጀንሲ ቢያስቀድም ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል። ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ አንቀጽ 42ን የሚያስፈጽም ሕግ ይውጣ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዛሬ ሸክሙ በሩ ላይ በቆመው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ስምምነቱ እሱም ዘንድ እስካልደረሰ ድረስ፣ በውስጥ ያለነውም ብንሆን ነገ የእኛም ሥራ ለኤጀንሲ ላለመሰጠቱ ዋስትና የለንም።