ሜዳሊያውን ተዉትና ስለ ደሞዙ እናውራ

ጓደኞቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፤ የዊልያም ካርኒ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ማለቂያው ሜዳሊያ ነው። "ዘገየ እንጂ አልቀረም" ተብሎ ይጨበጨባል። እኔ ግን አላጨበጭብም። ምክንያቴን ስሙኝ።

ካርኒ በ1840 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደሮቹ ጥቁሮች ወደሆኑበት ወደ 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ገባ። ጁላይ 18 ቀን 1863 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የዋግነርን ምሽግ ሲያጠቁ ባንዲራ ያዡ ወደቀ። ካርኒ ባንዲራውን አንስቶ እስከ ምሽጉ አፋፍ ወጣ። ደጋግሞ ቆስሎም ሳይጥለው ይዞት ተመለሰ። ወደ ውጊያው ከገቡት 600 ገደማ ሰዎች ከ250 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። ሜዳሊያው የተሰጠው በ1900 ነው። ከ37 ዓመት በኋላ!

አንዳንዱ "የዘገየው ወረቀት ነው፣ የብዙ ነጮችም ሜዳሊያ ዘግይቷል" ይላል። እሺ፣ ይሄ እውነት ነው። ደሞዙስ? ነጩ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ከነልብሱ ሲያገኝ ለጥቁሩ የተቆረጠለት 10 ዶላር ነበር፤ ከሱም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀነሳል። ይሄ የጸሐፊ ስንፍና አይደለም፤ በ1862 የወጣ ሕግ ተጠቅሶ የተሠራ ነው። ጥይቱ ቀለም አይለይም፣ ደሞዙ ግን ለየ።

የ54ኛው ልጆች ምን አደረጉ? 7 ዶላሩን አንቀበልም አሉ። ማሳቹሴትስ "ልዩነቱን እኔ ልሙላ" ስትልም እምቢ አሉ። የጠየቁት እኩልነት እንጂ ምጽዋት አይደለማ! ቤተሰብ እቤት እየተቸገረ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደሞዝ ተዋጉ። በጁን 1864 ኮንግረስ ደሞዙን እኩል አደረገ። ለኔ ከምሽጉ ጀብዱ የማያንሰው ይሄ ነው፤ ለዚህኛው ግን ማንም ሜዳሊያ አልሰጠም።

ካርኒ ከጦርነቱ በኋላ ኒው ቤድፎርድ ከተማ ከ30 ዓመት በላይ ፖስታ ሲያድል ኖረ። በ1908 ቦስተን፣ በሚሠራበት የመንግሥት ሕንጻ ውስጥ ሊፍት ባደረሰበት አደጋ ሞተ።

ውዳሴ ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ለዚህ ነው የሚበዛው። "መምህር ሻማ ነው" እየተባልን ወር የምንቆጥር ሰዎች ይሄን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ጀግና የምትሉት ሰው ካለ መጀመሪያ የሚገባውን ክፈሉት። ጭብጨባው ይደርሳል።