የቬንትሌተር ቆጠራ ይብቃን!

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ሲነገረን ሁላችንም በአንድ ሌሊት ቬንትሌተር ቆጣሪ ሆንን። እዚህ መጋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ወሬያችን «ድሬ ስንት አላት?» ነበር። የጃክ ማ ፋውንዴሽን ለአፍሪካ 500 ቬንትሌተር እንደሚለግስ ሲሰማ አጨበጨብን። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነውም ቁጥሩን ጽፈን አደርን። ማሽኑ ከገባ በኋላስ? አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛም ነው።

የጠየቅነው ዘግይተን፣ አስም የነበረባቸው የሰፈራችን እማማ መተንፈሻ ማሽን ላይ የተደረጉ ጊዜ ነው። ሆስፒታሉን አንጠራም። ልጆቻቸው «ፓፍ ገዝታችሁ አምጡ» ተባሉ። ከመጋላ ደቻቱን ተሻግረው ከዚራ ድረስ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረው አመጡ። ታዲያ በምን ይገባል? ቱቦው ላይ ፓፉን የሚቀበል ዕቃ የለም! ነርሷ ቱቦውን ነቅላ፣ ፓፉን ረጭታ፣ መልሳ ገጠመች። እሷን አንወቅስም፤ በእጇ ያለው ያ ብቻ ነበር። እማማ አልተመለሱም። መድኃኒቱ በወጉ ቢደርስ ይተርፉ ነበር ብለን አንምልም። በወጉ አለመድረሱን ግን አይተናል።

እንግባባ። ቬንትሌተር አየር ይገፋል እንጂ የጠበበ የአየር ቧንቧ አይከፍትም። የሚከፍተው እንደ ሳልቡታሞል ያለ መድኃኒት ነው። ሕመምተኛው ራሱ መሳብ ስለማይችል፣ አየር በሚያስገባው ቱቦ ላይ ስፔሰር የሚባል ውስጡ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ይገጠማል። ፓፉ በደንብ ይናጣል፤ ማሽኑ አየር ማስገባት ሲጀምር ይጫናል። እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ መንገዱ ላይ ካለ ለጊዜው ይነሳል፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ቱቦውን መንቀል ደግሞ ሳንባውን ነፍቶ የያዘውን ግፊት ያስለቅቃል፤ በኮሮና ጊዜ ለባለሙያውም አደጋ ነበር።

«ድሃ አገር ነን» የሚለን አይጠፋም። አቦ ተዉን! ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እነ ፕሮፌሰር ሄዘር ዛር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ (እኛ ሃይላንድ የምንለው) አስም ላለባቸው ሕፃናት እንደ ፋብሪካው ስፔሰር እንደሚያገለግል አሳይተዋል። እነዚያ ሕፃናት ራሳቸው የሚተነፍሱ ናቸው፤ ሃይላንድ ቬንትሌተር ላይ ይገጠም አላልንም። እዚያ የሚገጠመው ለዚያው ተብሎ የተሠራው ነው። ያልነው ማሰብ ገንዘብ አይጠይቅም ነው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። ቬንትሌተር ሲገዛም ሲለገስም ከስፔሰሩ፣ ከመድኃኒቱና አጠቃቀሙን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ይቆጠር። አንዱ ከጎደለ «አንድ» ተብሎ አይመዝገብ።

እኛም ከእንግዲህ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር «ስንት ገባ?» ብለን አንመለስም። «መድኃኒቱ በምን ይገባል?» እንላለን። እናንተም ጠይቁ!