የቆቦ ሽንኩርት ባቡር አይጠብቅም

ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የተመላለሰ ነጋዴ ሁሉ ያለ ሾፌር የሚሄደውን የከተማዋን ባቡር ያውቀዋል። ይህ ባቡር ጳጉሜን 4 ቀን 2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙውን ሰው ያስደነቀው ሾፌር የሌለው መሆኑ ነበር። ለነጋዴ ግን ቁም ነገሩ ባቡሩ በየጥቂት ደቂቃው መምጣቱ ነው። ሰዓቱን ያወቀ ሰው ቀጠሮ ይይዛል፤ ገንዘቡንም ያዞራል።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሾፌር አለው፤ የጎደለው ሌላ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ይህ ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የቲኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆኖ ተተመነ። መለዋወጫው ግን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በብር የሚሸጥ አገልግሎት በዶላር ሲጠገን መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለአስመጪ መንገር አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆመው ነበር። ዋጋው ለድሃው ታስቦ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን በ2 ብር ተጠብቆ የቀረ ባቡር በሰዓቱ ከደረሰ ታክሲ ይበልጥ ያስከፍላል።

ይህ ስሌት የቆቦን ነጋዴም ይመለከታል። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ውል በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ሲፈረም ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ርዝመቱም 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሐራ ገበያ የሚነሳው ሌላው መስመር ደግሞ በራያ ቆላ በኩል መቀሌ እንዲደርስ ታቅዷል። ይሁን እንጂ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ከተነጠፈ በኋላም የኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠበቅ ዓመታት አለፉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በአካባቢው ደርሶ ጉዳት አስከተለ።

የቆቦ ሽንኩርት ይህን ያህል አይታገስም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ የለማው ምርት በአይሱዙ ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። መኪና ከዘገየ ወይም መንገድ ከተዘጋ የሚበሰብሰውን ደላላው አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የሚከፍለው አምራቹ ነው።

በመሆኑም መስመሩ ለንግድ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። የጭነት ታሪፉ ስንት ነው? ለመለዋወጫና ለኃይል የሚውለው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሐራ ገበያ ላይ የእህልና የአትክልት መጋዘን የሚሠራው ማን ነው? ሦስተኛው ለግል ባለሀብቱ ጥሩ ዕድል ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች በጽሑፍ ሳይዝ ቦታ ለማጠር የሚሽቀዳደም ባለሀብት፣ አዲስ አበባ ላይ የታየውን ቢያስታውስ ይበጀዋል። አለበለዚያ ነገሩ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።