«ኩላሊት ነው» ከመባሉ በፊት

ማንኪራ ያለ ገበሬ ጎኑን ድንገት ሲወጋው የሚሰማው ምክር አዲስ አበባ ከሚሰማው አይለይም፦ «ኩላሊት ነው፤ ቡናውን ተው፣ ውኃ ጠጣ!» የቡና መገኛ ናት በምትባል ቀበሌ ቡና ተው መባል መቼም ቀልድ ነው። መረጃውም ሌላ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 194 ሺህ ገደማ አሜሪካውያንን የተከታተለ ጥናት፣ በየቀኑ ቡና የሚጠጡት ለኩላሊት ጠጠር ያላቸው ተጋላጭነት በ26 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስኳር ያለው ኮላ የሚያዘወትሩት ግን በ23 በመቶ የባሰ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ነው» የምትለዋ ቃል ናት። የጎን ሕመም ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ የኩላሊት ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። በቀኝ በኩል ከሆነ ትርፍ አንጀትም አለ። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ከሆነች ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ ወጣት ወንድ ከሆነ የዘር ፍሬ መጠምዘዝ፣ 60 ያለፈው ሰው ከሆነ ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር አብጦ መቀደድ። አንዳንዶቹ ለነገ አያሳድሩም።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን እነዚህን መለየት ለመጀመር ምን ያህል ያስወጣል ብዬ ሳስብ እናደዳለሁ። ሙቀትና ግፊት መለካት፣ ሆዱንና ጎኑን በእጅ መመርመር፣ የሽንት ምርመራ፣ ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ። በቃ! ጤና ጣቢያ የሚሠራው ነገር ነው። ዳይክሎፌናክ መርፌ ለጠጠር ሕመም እውነትም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ለነፍሰ ጡርና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይሆንም። ሕመሙ ስለጠፋም ምክንያቱ ታወቀ ማለት አይደለም። ሽንት ላይ ደም አለመታየቱም ጠጠርን አያስቀርም። ጠጠሩ ሽንቱን ዘግቶ ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ የታፈነው ሽንት በአስቸኳይ መውጣት አለበት።

«ሲቲ ስካን ከሌለ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ 2,759 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በአልትራሳውንድ የጀመሩት በሲቲ ከጀመሩት የባሰ ጉዳት እንዳልደረሰባቸው አሳይቷል። ሐኪሙ ካስፈለገው በኋላ ሲቲ ማዘዝ ይችል ነበር፤ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲዛነፍ ሒሳቡን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ከማንኪራ ቦንጋ፣ ካልሆነም ጅማ ድረስ የትራንስፖርት፣ የአስታማሚ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ከሆነ ደግሞ የዓመት ገቢ ጉዳይ አለ። የጤና መድን አባል ቢሆን እንኳ ያለ ሪፈር ዘሎ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ነው። ስለዚህ ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ኩላሊት» የሚል አንድ ቃል ተጽፎ መላክ ለእኔ ብክነት ነው። ሙቀቱ፣ የሽንቱ ውጤት፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ይጻፍበት።

እናንተም ዘመድ ይዛችሁ ስትሄዱ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መኖሩን፣ ሽንት መምጣቱን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ከሆነ ደግሞ ገና በር ላይ ተናገሩ።